የዓመት ፈቃድ በቢራ መንገድ

የዘንድሮን የዓመት ፈቃዴን በሙዚየም ሳይሆን በመጠጥ ቤት ልነድፈው ነው። አገሩ ጀርመን። ሙኒክ ግን የለችበትም፤ ኦክቶበርፌስት የሚሉትን የቢራ በዓሏን ግፊያ አልችለውም።

መጀመሪያ ኮሎኝ። እዚያ ኮልሽ የሚባለው ቢራ የሚቀዳው በ0.2 ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ነው። ሲያልቅ አስተናጋጁ ሳይጠየቅ ሌላ ያስቀምጥና ከብርጭቆው ስር ያለችው ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጭራል። ሒሳቡ የጭረቶቹ ቁጥር ነው። በቃኝ ያለ ሰው ካርቶኗን ብርጭቆው ላይ ይከድናል፤ አለቀ። «በሞቴ» እየተባለ ዋንጫ ሲሞላበት ላደገ ሰው እንዴት ያለ መላ ነው!

ከዚያ በባቡር ወደ ባምበርግ። ልቤ ያለው እዚያ ነው። ብቅሉ በእንጨት ጭስ ስለሚደርቅ ራውክቢር የሚሉት ቢራቸው ጭስ ጭስ ይላል። ሽሌንኬርላ የተባለው አሮጌ ቤት ዛሬም ከእንጨት በርሜል ይቀዳዋል። ለብዙ እንግዳ የመጀመሪያው ጉንጭ ይከብደዋል፤ በወይራ በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ የሚያውቅ አበሻ ግን የሚደነግጥ አይመስለኝም። ልዩነቱ፣ እነሱ ጭሱን ከብቅሉ፣ እኛ ከጋኑ ማምጣታችን ነው።

ደንቤ ሁለት ነው፤ መኪና አልከራይም፣ በቀን ከሁለት ቤት በላይ አልገባም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ ማውራት ጊዜ ይፈልጋላ!

ፕሮግራሙ አልቋል፤ የጎደለው የመንገድ ጓደኛ ነው። ብቻውን የሚጠጣ ሰው ደስ አይለኝም። ማነው ፓስፖርቱ ያልተቃጠለበት?