አንድ ቀመር፣ ሦስት ጠባይ

ፋርማሲ የገባሁት ወድጄ አይደለም፤ ውጤቴ ያደረሰኝ እዚያ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ሸምድጄ ለማለፍ ነበር ሐሳቤ። 7 ካርቦን፣ 6 ሃይድሮጅን፣ 3 ኦክስጅን፤ ቀመሩን ካወቅኩ ነገሩንም አወቅኩ ባይ ነበርኩ።

ይህን ትምክህት ያስተነፈሰው ላብራቶሪ ነው። መምህራችን ስም ያልተጻፈባቸው ሁለት ነጭ ዱቄቶች ሰጡንና የሚቀልጡበትን ሙቀት ለኩ አሉን። ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ በማጉያው እያየን ቀስ በቀስ አሞቅነው። አንደኛው 159 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ረጠብ አለና ኩልል ያለ ፈሳሽ ሆነ። ሌላው ንቅንቅ አላለም፤ የቀለጠው 214 ገደማ ደርሶ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድና ፓራ ሃይድሮክሲቤንዞይክ አሲድ ነበሩ፤ ቀመራቸው ያው አንድ።

የሚለያዩት ሃይድሮክሲሉ በካርቦኑ ቀለበት ላይ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ሳሊሲሊክ ላይ ከአሲዱ ቡድን ጎን ስላለ እዚያው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በሩን ዘግቶ እንደሚበላ ሰው ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ብዙም አይተሳሰርም። ስለዚህ ቶሎ ይቀልጣል። ፓራው ግን በሁለቱም ጫፍ ውጭውን ይይዛል። ሲሠሩም ዕጣቸውን የሚወስነው ትንሽ ነገር ነው፦ የፌኖልን የሶዲየም ጨው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በግፊት ሲያሞቁት ሳሊሲሊክ ይወጣል፤ በሶዲየሙ ፈንታ ፖታሲየም ገብቶ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ፓራው ያደላል።

ሥራ ስጀምር ሁለቱን አንድ መደርደሪያ ላይ አገኘኋቸው። ለጭርት የምንሰጠው የዊትፊልድ ቅባት 3 በመቶ ሳሊሲሊክ፣ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድ አለው። ሳሊሲሊኩ የሞተውን ቆዳ እየላጠ ለቤንዞይኩ መንገድ ይከፍታል። አጠገቡ ካሉት ሽሮፖች አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ሜቲል ፓራቤን የሚል ተጽፏል፤ ከፓራው የሚሠራ፣ ሽሮፑ እንዳይሻግት የሚጠብቅ። ሦስተኛው ወንድማቸው ሜታ እኔ መደርደሪያ ላይ ደርሶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቅባት ይዞ የሚመለስ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው «የት?» ብዬ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ያቃጥላል'ኮ!» ብለው የልጅ ልጃቸውን ክንድ ገልጠው አሳዩኝ።

«የት የት ነው የቀቡት፣ እማማ?»

«አክኮ ያቆሰለውንም፣ ሌላውንም።»

«የቆሰለውን ይተዉት፤ እዚያ የሚላጥ የሞተ ቆዳ የለም፣ የሚያገኘው ሥጋውን ነው። ቁስሉ ሲሽር ይመለሱበታል።»