በአሮጌ መኪና ወደ ደብረ ታቦር

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ የምትገኘው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ስፍራ ናት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል፤ ያውም መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ! ጎማ በዚህ ደጋ ምን እንደሚጠብቀው ከዚህ መገመት ይቻላል።

እኛ በ2011 ዓ.ም. የሄድነው ልጆቻችንን ትምህርት ቤት በምታመላልሰው አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለውም። ወረታን ለቀን አለም በርን ስናልፍ ዳገቱ በረታ፤ መኪናዋም ታቃስት ጀመር። እርጅና ብቻ አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ውኃም 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት የማይይዝ የራዲያተር ክዳን (ዋጋው ስንት ሆኖ!) ጉዞውን ሊያስቀር ይችላል።

ወጣቶቻችን አሮጌ መኪና ሲገዙ የሚቸኩሉት ለትልቅ ጎማና ከፍ ላለ ባሌስትራ ነው። ትልቁ ጎማ ግን የደከመውን ሞተር ይብሱን ያደክማል፤ የፍሬኑንም ሥራ ያከብዳል። ከፍ ያለች መኪና ደግሞ ኩርባ ላይ ትዋዥቃለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። በወጡበት ማርሽ መውረድ ይገባል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ ያረጀው ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እኛ በየሁለት ዓመቱ እናስለውጣለን። ትልቁን ጎማ ገና አልገዛንም።