ሲባዙ 30፣ ሲደመሩ 11

ፕላዝማ ወደየክፍሉ በገባበት ሰሞን ዘጠነኛ ክፍል የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። የስክሪኗ መምህርት በእንግሊዝኛ ትፈጥናለች፤ ጥያቄውን ደብተራችን ላይ ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ከተፍ ይላል። ኳድራቲክ ኢኩዌሽንም የመጣብን እንዲሁ ነው። ደግነቱ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ የሒሳብ መምህራችን ጠመኔ አንስተው በቀረችው ጥቂት ደቂቃ በአማርኛ ቀስ ብለው ይደግሙልን ነበር። «ሁለት ነገር ተባዝቶ ዜሮ ከሆነ አንዱ የግድ ዜሮ ነው። እንግዲህ ፋክተሮቹን ለዩና እያንዳንዱን ዜሮ አድርጉት፤ ሩቶቹ ይወጣሉ» ይሉናል። ኮታቸው እጅጌ ላይ የሚያርፈው የጠመኔ ብናኝ ዛሬም ይሸተኛል።

ከሰዓት መገናኛ እንወርዳለን። ያኔ የታክሲ ሰልፍ የለም፣ ግፊያ ነው። ወያላው «ላምበረት፣ ኮተቤ፣ ካራ!» ሲል ትልልቁ ሰው ይሻማል፤ እኛ ልጆቹ ግርግሩ እስኪበርድ በቆሎ ከሚጠብሱት እትዬ አጠገብ እንቆማለን። ጥቅምት ነው፣ ብርዱ ይቆነጥጣል፤ የከሰሉ ሙቀትና የእሸቱ ሽታ ያባብላል። እዚያ ነበር የሰፈራችን ልጅ፣ የኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተማሪ፣ ቦሌ የሰው ልጅ አስጠንቶ ሲመለስ የሚያገኘን። እኛን የሚያስጠናን በነፃ ነው፤ ፋክተር መለየት የሚያለማምደንም ሁለት ቁጥር በማስገመት ነው።

«ሲባዙ 30፣ ሲደመሩ 11?»

«አምስትና ስድስት!»

«ሲደመሩ 13?»

«ሦስትና አሥር!»

ቀድሞ ለመለሰ እትዬ ከበቆሎው ሰበር አድርገው ይሰጡታል። አንድ ቀን ግን «ሲባዙ 30፣ ሲደመሩ 12?» አለን። ዝም አልን። «የለም እንዳትሉ፤ አለ» ብሎ በከሰል ስባሪ ካርቶን ላይ ይጽፍ ጀመር። የ12 ግማሽ 6፤ 6 በ6 36፤ ከ36 ላይ 30 ሲነሳ 6 ይቀራል። የ6ን ስኩዌር ሩት አንዴ 6 ላይ ደምሩ፣ አንዴ ከ6 ላይ ቀንሱ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እነሱ ናቸው። ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ባግዳድ የኖረው አልኸዋሪዝሚ ካሬ እየሣለ፣ የጎደለውን ማዕዘን እየሞላ እንዲህ ያለውን ይፈታ እንደነበር ያጫወተን በዚያው ምሽት ነው። ካሬው ከአሥር ሩቱ ጋር 39 ቢሆን፣ 25 ጨምሮ 64 ያደርሰዋል፤ የ64 ሩት 8፤ ከ8 ላይ 5 ሲነሳ 3። ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ ከእኛ መሃል የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

ዛሬ መገናኛ ባቡር ያልፍበታል፤ ታክሲውም በሰልፍ ሆኗል። የእህቴ ልጅ ጥያቄውን በስልኳ ፎቶ ስታነሳው ሁለቱም ሩት ወዲያው ይወጣል። ደስ ይለኛል፤ እኛ ያላገኘነውን አግኝታለች። ቢሆንም ደክሟቸው እያለ ለሰው ልጅ የሚተርፍ ጊዜ የነበራቸው እነዚያ ሰዎች ይናፍቁኛል። ስታጠና አጠገቧ የምቀመጠውም ለዚህ ይመስለኛል። ስልኩ መልሱን ከነገራት በኋላ «እስኪ ደግሞ እኛ እንፈልገው» እላታለሁ፤ እሷም እርሳሷን አንስታ ጠጋ ትልልኛለች።