የዓመቱ ጥቅልና የእናቴ ስልክ

ሒሳብ እችላለሁ ብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ቢዝነስ ማኔጅመንት ተምሬያለሁ፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው። ሱቅ ገብቼ የሁለት ኪሎውን ዋጋ ከአንድ ኪሎው ጋር ሳላስተያይ አልወጣም፤ ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ሁልጊዜ ይስቃል። ስለዚህ በ2015 ግንቦት ለስልኬ የዓመት የኢንተርኔት ጥቅል ስገዛ ተሳስቼ ይሆናል የሚል ሐሳብ በአጠገቤም አላለፈ። ነገሩን የማነሣላችሁ እናንተም ቤት «የወሩን እንግዛ ወይስ የዓመቱን?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን መነሣቱ ስለማይቀር ነው።

ስሌቴ ይህን ይመስል ነበር። ለመቁጠር እንዲመቸን የወሩ ጥቅል 200 ብር፣ የዓመቱ 2000 ብር ነው እንበል። የወሩን 12 ጊዜ ብትገዙ 2400 ብር ታወጣላችሁ፤ የዓመቱን ብትገዙ 400 ብር ይተርፋችኋል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውላት ነገር አለች። የወር ጥቅል ሲባል 30 ቀን ነው፤ 12ቱ ሲደመር 360 ቀን ይሆናል። ጳጉሜ ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው! ያቺ ደመወዝ የሌለባት፣ የእንቁጣጣሽ ወጪ የሚያንዣብብባት ጳጉሜ 13ኛ ጥቅል ታስገዛችኋለች። ይህቺን ሳገኝ ለሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ እየዞርኩ ነግሬያለሁ። ዛሬ ሳስበው ትንሽ አፍራለሁ።

የምኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ከተማችን ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ አመሻሽ ላይ ብርዱ ሰውን ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይሰበስባል። ባለቤቴ ሥራው አዲስ አበባ ነው። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር። ማታ እራት ከተበላ በኋላ ስልኩን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ በቪዲዮ እናወራለን፤ እሷም የጎረሰችውን እያወጣች ለአባቷ «እንካ» ትለዋለች። የዓመቱን ጥቅል የገዛሁት ለዚች ግማሽ ሰዓት ነበር።

በዚያው ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የጥቂት ቀናት ነገር መስሎኝ ነበር። ወር ሆነ፤ አዲስ ዓመት ገባ፤ ገናም ጥምቀትም አለፉ። ልጄ የአባቷን ድምፅ ብቻ ስትሰማ ስልኩን ገልብጣ ከጀርባው ትፈልገው ጀመር። የጥቅሉ ቀን ግን መቁጠሩን አላቆመም። ቀሪ ሒሳቤን በጠየቅኩ ቁጥር ያልነካሁት ጊጋባይት እዚያው ቁጭ ብሎ፣ ቀኑ ብቻ እያነሰ ይመጣል። ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ አለቀ። የወር የወር የምትገዛው ጎረቤቴ በዚያ ክረምት የጠፋባት የአንድ ወር ቀሪ ብቻ ነው።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የተሳሳተው የእኔ ስሌት ነው። እንዲያውም ከሰው ሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኛ የሽያጭ ሰዎች ለዓመት ከፋይ ቅናሽ የምናደርገው ለደግነት አይደለም። ገንዘቡ ዛሬውኑ እጃችን ይገባል፤ ደንበኛውም ዓመቱን ሙሉ ወደ ሌላ ቤት አይሄድብንም፤ ከገዛው ውስጥ ደግሞ ሳይነካው የሚቀረው ቀላል አይደለም። ያቺ 400 ብር የዚህ ሁሉ ዋጋ ናት። በምሳሌያችን ደግሞ 400 ብር ማለት የሁለት ወር ጥቅል ነው። በዓመቱ ውስጥ ሁለት ወር አገልግሎቱን ባታገኙ፣ ወይም ቤት ዋይፋይ ብታስገቡና ጥቅሉ ሥራ ቢፈታ፣ ትርፉ እዚያው ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ኪሳራ ነው።

በዋጋ በኩልም ውርርድ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ታሪፉን ሲቀንስ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ በ40 በመቶ ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ለዓመት አስቀድሞ የከፈለ ሰው በአሮጌው ዋጋ ይቀራል፤ የወሩ ገዢ ግን አዲሱ ቅናሽ በሚቀጥለው ወር ይደርሰዋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ፣ በመስከረም 2017 የታሪፍ ማስተካከያ መጥቶ የብዙ አገልግሎቶች ዋጋ ከፍ አለ። ያኔ የሚስቀው የዓመቱ ገዢ ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር እንደታየው፣ ሁለተኛ ሻጭ ገበያው ውስጥ ሲገባ እጁ ያልታሰረ ሰው ሁለቱንም ሞክሮ ይመርጣል። እኔ በቀጣዩ ዓመት ዋጋ ይወጣል ወይስ ይወርዳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ይህን ባላወቅሁበት ነገር ላይ 2000 ብር አንድ ላይ ማስያዝ ግን ከእንግዲህ አይሆንልኝም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ «እንግዲያ የወሩ ይሻላል» ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እናቴ አለች።

እናቴ የምትኖረው ሲማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። ባለ ቁልፍ ስልኳን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ኢንተርኔት አትፈልግም፤ ማውራት ብቻ። በየወሩ የድምፅ ጥቅል በቴሌብር የምገዛላት እኔ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ግን ሥራ ተደራርቦብኝ ረሳሁት። የረሳሁት ለአምስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ከጓሮ ስትመለስ አዳልጧት ወድቃ ክንዷ ተጎዳ። ቁጥሬን ብትነካ ስልኩ ሒሳብ የለሽም ይላታል። «ደውሉልኝ» የሚለውን ነጻ መልእክት መላክ አታውቅም፤ ያላስተማርኳትም እኔው ነኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄዳ ታስራ ተመለሰች። እኔ ያወቅሁት እሑድ ስደውል ነው።

«እምዬ፣ ከጎረቤት ስልክ ለምነሽ ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት፤ እያለቀስኩም እየተቆጣሁም።

«ልጇ ካርድ እንኳ አትሞላላትም ብለው ያሙሽ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ክንዷ ታሞ የደበቀችው ለእኔ ስም ብላ ነው።

ስለዚህ ጥር ላይ ለእናቴ የዓመት የድምፅ ጥቅል ገዛሁላት። አዎ፣ እኔው ነኝ፣ በዓመት ጥቅል የተቃጠልኩት ሰው። የእሷ ግን ሌላ ነገር ነው። የድምፁ መስመር ከኢንተርኔቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቆሟል። የምታወራው መጠን ከወር ወር አይለዋወጥም፤ ደቂቃዋን ስትቆጥብ ስለኖረች ከመስከረም በፊት ትጨርሰዋለች ብዬም አልሰጋም። ለእሷ የዓመቱ ከወሩ ቢወደድ እንኳ እገዛው ነበር። የእኔ መርሳት ስንት እንደሚያስከፍል አይቻለሁና።

በነገራችን ላይ ዓመት የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ቀኑ ብቻ መሆኑን አትርሱ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የዓመት ኢንተርኔት ገዝታ፣ ወንዶች ልጆቿ በእረፍት ጊዜያቸው ቪዲዮ ሲያዩ በአራተኛው ወር ጨርሰውላታል። ከመግዛታችሁ በፊት የሦስት ወር ፍጆታችሁን ጻፉ፤ እኔ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት። የእኔ አንዱ ወር ከሌላው በእጥፍ ይለያይ ነበር፤ ባለቤቴ እረፍት ወጥቶ እቤት ሲሆን ጥቅሌ ግማሹ እንኳ አይነካም። አሁን ለራሴ ደመወዝ በገባ ማግስት የወሩን እገዛለሁ። ጳጉሜ ስትመጣ ደግሞ አጭሩን የሳምንት ጥቅል ገዝቼ አሳልፋታለሁ፤ ያቺ ትልቅ ግኝቴ መፍትሔዋ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

እናቴ ስለ ዓመቱ ጥቅል ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዋጋውን ነው። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣

«የሚያልቀው መቼ ነው?» አለች።

«በሚመጣው ጥር።»

«ጤፉ ከተወቃ በኋላ ነዋ!» አለች። መሬቷን የእኩል ነው የምታሳርሰው፤ ገንዘብ እጇ የሚገባው በዓመት አንዴ፣ በዚያው ሰሞን ነው። ወር በወር ክፈይ ብትባል ከየት ታመጣለች? በዓመት አንዴ ግን ግብሯን የምትከፍለውም፣ ዕዳዋን የምትዘጋውም እንዲያ ነው። እኔ ደመወዝተኛዋ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነገር እሷ በአንድ ጥያቄ ጨረሰችው።

«የከርሞውን እኔው እከፍላለሁ» አለችኝ፤ «አንቺ መሙላቱን ብቻ አትርሺ።»