መኪናን የሚያስረጀው አቧራው ነው ወይስ ጨርቁ?

የመኪናችንን ቀለም ቶሎ የሚያደበዝዘው አቧራው ሳይሆን አቧራውን የምንጠርግበት መንገድ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ክሊር የሚባለው ሽፋን ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ከክሊሩ ይጠነክራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ መወልወል መኪናውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያሉ እንደ መፈግፈግ ነው። «ጭረቱን ፖሊሽ ያጠፋዋል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የሚያጠፋው ግን በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ፍቆ እኩል በማድረግ ነው። በየወሩ ፖሊሽ የሚደረግ መኪና በየወሩ ክሊሩ ይሳሳል። ሳይፍቅ የሚሸፍነው ሰም ነው፤ ደጋግሞ መቀባት የሚያዋጣውም እሱን ነው።

«ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት አዲስ አበባ መኪናን በውኃ ማጠብ ቅንጦት ነው» ማለትም ይቻላል። ነገር ግን ጥንቃቄው የሚፈልገው የውኃ ጎማ የሚለቀውን ያህል ውኃ አይደለም፤ ሁለት ባልዲ ይበቃል፤ አንዱ ለመኪና ሻምፖ፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ላቫጆ የሚመርጥ ሰውም አልተሳሳተም፤ የሌላ መኪና ጭቃ የያዘ ስፖንጅ መኪናውን እንዳይነካ ብቻ ይጠይቅ። ውኃው ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ አቧራውን እንዳለ መተው በደረቁ ከመጥረግ ይሻላል።