የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት በሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካን ለማየት የሚነሳ የአዲስ አበባ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። ድካሙን እዚያ ያሳልፋል፣ ሻንጣውን እዚያ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። እኛ ግን ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ባደረግነው የሦስት ሳምንት ጉዞ ነገሩን ገለበጥነው። በሎስ አንጀለስ ገብተን፣ ቺካጎንና ኒውዮርክን አይተን፣ የአክስቴን ቤት ለመጨረሻ አስቀረነው። የምንመለሰው ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስለነበር መንገዱም ይመቻል። ያስቸገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአክስቴ የተላከው በርበሬና ሽሮ ከእኛ ጋር አገር ለአገር ዞረ። ኒውዮርክ ስንደርስ የባለቤቴ ሸሚዞች ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸቱ ነበር።

ከኒውዮርክ ዋሽንግተን በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ከዩኒየን ስቴሽን ቀዩን የሜትሮ መስመር ይዘው ወደ ሰሜን ከሄዱ፣ የዲሲን ወሰን እንደተሻገሩ የሚያገኙት የመጀመሪያ ጣቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግዛቱ ሜሪላንድ ቢሆንም በጆርጂያ አቬኑና በፌንተን ጎዳና ለሚራመድ ሐበሻ ባይተዋርነት ብዙም አይሰማውም። እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ክትፎ ቤት፣ በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ በየአቅጣጫው ነው። በጎረቤቷ በዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

የአክስቴን ቤት ግን የምታስተዋውቀው ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። የማን ፈረቃ መቼ እንደሆነ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ፣ ማን እንደሚተኛ ተጽፎባታል። አክስቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ትሠራለች። ባሏ የሚሠራው ቀን ነው። ጠዋት እሷ ስትገባ እሱ ሲወጣ በር ላይ ይገናኛሉ፤ የመኪናውን ቁልፍ ይቀባበላሉ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ልጆቼ አንድ ነገር ገባቸው። በየወሩ ለበዓሉም ለሐኪሙም የሚመጣው ገንዘብ ከዚህ ወረቀት ነው የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ አሜሪካ ለእነሱ ሰፊ መንገድና ትልቅ የገበያ አዳራሽ ነበረች።

ስለዚህ ፕሮግራማችንን በእንቅልፏ ልክ አወጣን። ጠዋት አብረናት ቁርስ እንበላና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤቱን እንለቅላት ነበር። ለእንግዳ የሚመች ከተማ ነው፤ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያ ነጻ ነው፣ ወደ እንስሳት ፓርኩም በዚያው ቀይ መስመር ይኬዳል፣ እሱም ክፍያ የለውም። ዘመድ ቤት የምታርፉ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የሥራ ፈረቃቸውን ጠይቁ። ቢያንስ አንዱን ቀን ደግሞ ምንም ሳትይዙበት ከዕረፍት ቀናቸው ጋር አገጣጥሙት።

የእኛ ቀን እሑድ ነበር። አክስቴ ቡና ልትቆላ ስትነሳ ልጆቿ ማንም ሳያዛቸው መስኮቶቹን ከፈቱ፤ ታላቁ ፎጣ ይዞ ከጭስ መጠቆሚያው ሥር ቆመና ያራግብ ጀመር። ጭሱ ከደረሰበት ይጮሃል፣ ጎረቤትም ይደነግጣል። የአክስቴ ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ልጄ ሲኒ እያቀረበች አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚሉትን አስጠናቻቸው። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ትንሹ ልጅ «በረካ ጠጡ» ሲል አክስቴ ፊቷን ወደ ጀበናው አዞረች።

ማታ ሻንጣ ስናስተካክል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌሊት እንደምሠራ ለእማዬ እንዳትነግሯት፤ እንቅልፍ ታጣለች» አለችን። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ ልጃቸው ቀን ሠርታ ማታ ቤቷ የምትገባ ነው የሚመስላቸው። ልጆቼም ሰሙ።

ለእያንዳንዳችን የተፈቀደው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነበር። የእጅ ሚዛኑ 25 ሲል ማን ይቀነስ የሚለው ክርክር ተነሳ። ለእናቷ የገዛችው ለስላሳ ጫማ፣ የደም ግፊት መለኪያና ቫይታሚን ሳይነኩ ከኒውዮርክ የገዛናቸው ትዝታዎች ወጡ። ልጄ የነጻነት ሐውልቷን ምስል ራሷ አውጥታ ለትንሹ ልጅ ሰጠችው።

ዘመድ ጥየቃን መጨረሻ ላይ ማድረግ ጥቅሙ ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ያየኸው ፊት በሌላ ከተማ ይሸፈናል። መጨረሻ ላይ ያየኸው ግን ሳይደበዝዝ አገር ይገባል፤ አገር ቤት ያሉትም የሚጠብቁት እሱን ነው።

ከደለስ አዲስ አበባ 13 ሰዓት ያህል በርረን ገባን፤ በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ሄድን። አያቴ ሻንጣውን ወዲያው አላስከፈቱም። ከስታለች ወይ? ቤቷ ፀሐይ ይገባዋል? ልጆቹ ያከብሯታል? አንድ በአንድ ጠየቁን። ቀጥለው፣ «እንቅልፍስ ትተኛለች?» ሲሉ እኔና ባለቤቴ ተያየን።

መልሱን የሰጠችው ልጄ ናት። «ትተኛለች፣ እማማ። መጋረጃዋ በጣም ወፍራም ነው። ስትተኛ እኛም አንረብሻትም ነበር።»

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ጫማውን ተቀበሉ። እግራቸውን አስገብተው ጥቂት ተራመዱበት።

«ልክ ነው» አሉ። «ቁጥሬን አልረሳችውም።»