ማስታወቂያ እኮ ነው!

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። «ማስታወቂያ እጽፋለሁ» ስላት ቀበሌ በር ላይ ውኃ የሚጠፋበትን ቀን የሚለጥፈው ሰውዬ ረዳት የሆንኩ ነው የመሰላት። አይፈረድባትም። በእኛ አማርኛ የጨረታ ጥሪውም ማስታወቂያ ነው፣ የጠፋ ሊብሬም ማስታወቂያ ነው፣ የሳሙና ውዳሴውም ማስታወቂያ ነው። ሚኒስቴር እንኳ ነበረን፤ ማስታወቂያ ሚኒስቴር የሚባል። እናቴ ለጎረቤት «ልጄ የመንግሥት ሥራ ያዘ» ብላ ማውራቷን የሰማሁት ኋላ ነው።

እኔ በጀመርኩበት በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህን ሙያ የት ሄደው እንደሚማሩት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ጋዜጠኝነት ይማሩታል፣ ቴያትር ይማሩታል። ሳሙና የሚያሸጥ ሁለት መስመር መጻፍን ግን እንደ ቅኔ ተማሪ መምህር ፈልጎ፣ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነው። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ «እገሌ የሚባሉ መምህር አሉ» ወደተባለበት አገር ይሄዳል። እኔ አኩፋዳ አልነበረኝም፤ የታገልኩትም ከውሻ ሳይሆን ከየድርጅቱ ጥበቃ ጋር ነው።

የመምህሬን ስም አልጠራም። በሕይወታቸው ከጻፉት ማስታወቂያ አንዱ ላይም ስማቸው የለ፤ እዚህም አይኑር። ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ የሚውሉት ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ነበር። (ካፌው ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ አብሮ ሄደ።) ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ «ሥራ የለኝም» ብለው መለሱኝ። በአራተኛው ቀን የያዙትን ጋዜጣ ገልጠው አንድ የቤት ዕቃ መደብር ማስታወቂያ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «ግማሽ አድርገው» አሉኝ። አደረግኩት። «አሁንም ግማሽ።» አደረግኩት። «አሁንም።» መጨረሻ ላይ የቀረው የዕቃው ስም፣ ዋጋውና ሱቁ ያለበት ቦታ ብቻ ሆነ። «አየህ፣ ሰውዬው የሚናገረው ይቺን ታህል ነበር፤ ሌላው ጌጥ ነው» አሉ። ቀጥለው የሥራ ውላችንን ነገሩኝ፦ «ደመወዝ የለም፣ ምሳ አለ።»

ጌጥ የሚሏቸውን ታውቋቸዋላችሁ። ልዩ፣ ዘመናዊ፣ አስተማማኝ፣ ጥራቱን የጠበቀ። እስቲ ዛሬም ሬዲዮ ክፈቱና ቁጠሩ። በተለይ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የምትለዋን ሲሰሙ ግንባራቸው ይቋጠር ነበር። «ከማን ኪስ ጋር ነው የተመጣጠነው? ከእኔ ነው ከእሱ?»

የመጀመሪያ ሥራዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበር። ሠሪው የሚፈልገውን በወረቀት ጽፎ አምጥቷል፤ ልዩ፣ ዘመናዊ፣ አስተማማኝ፣ ሁሉም አሉ። እኔ ደግሞ ግጥም ልጨምርበት ተነሳሁ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀበሉኝና «መርካቶ ሂድ። ምጣድ የሚሸጥበት ቁም። ምንም አትጻፍ፣ ስማ ብቻ» አሉ። ሦስት ቀን ቆምኩ። ስለ ዘመናዊነት የጠየቀች አንዲት ሴት አልሰማሁም። የሚጠይቁት «ዳሩ ይበስላል ወይ?» ብለው ነው። «መብራት ይበላል?» ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ደግሞ ሻጩን «የኔ ልጅ፣ ሽቦው ሲቃጠል ማነው የሚሠራልኝ? ያለፈውን ገዝቼ አልጋ ሥር ነው ያለው» አሉት። ሻጩ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ይህንን ይዤ ተመለስኩ። ጋሼ ምጣድ ሠሪውን ጠርተው «ሽቦው ሲቃጠል ቤት ድረስ ሄደህ ትቀይራለህ?» አሉት። አስቦትም አያውቅ። «የማትቀይር ከሆነ የምጽፍልህ ነገር የለኝም» አሏቸው እያሉ ነው ነገሩ ያለቀው፤ ሰውዬው ሁለት ቀን አስቦ «እቀይራለሁ» አለ። ማስታወቂያው እንግዲህ ይህችው ነበረች፦ ዳሩም ይበስላል፣ ሽቦው ቢቃጠል ሠሪው መጥቶ ይቀይራል፣ ስልኩ ይኸውና። ግጥም የለ፣ ዘፈን የለ። ምጣዱ ተሸጠ። እኔን የገረመኝ ግን መሸጡ አልነበረም፤ ማስታወቂያው ዕቃውን ማሻሻሉ ነበር።

ጋሼ በዚያ ሰሞን የአሜሪካዊውን የክላውድ ሆፕኪንስን ታሪክ አጫወቱኝ። ሰውዬው ሽሊትዝ ለተባለ ቢራ እንዲጽፍ ሲቀጠር ፋብሪካውን ሄዶ ጎበኘ። ጠርሙሱ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ውኃው ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚወጣ አየና ተደነቀ። «ይህንን ለምን አትናገሩም?» ቢላቸው «ሁሉም ጠማቂ የሚያደርገው ነው» አሉት። ሁሉም ያደርገዋል፣ የተናገረው ግን የለም። እሱ ተናገረውና ቢራው ገነነ። ሆፕኪንስ ይህን ራሱ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። ጋሼ መጽሐፉን ከየት እንዳገኙት እግዜር ይወቅ፤ ሽፋን አልነበረውም።

ከዚህ ሌላ አንድ ዳኛ ነበረን። ካፌው ደጅ ጫማ የሚጠርግ ሊስትሮ ልጅ ነው። የጻፍኩትን አንድ ጊዜ አነብለታለሁ፤ ሁለቱን ጫማ ጨርሶ ቀና ሲል ጋሼ «ምን ነበር ያለው?» ይሉታል። ልጁ ያስታወሰው ማስታወቂያ ነው፤ የረሳው ይሰረዛል። ይግባኝ የለም። ሲሰለቸው ፊቱ ያስታውቃል፤ ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ኳ ኳ ያደርጋል። ስንት ቆንጆ ዓረፍተ ነገር በዚያ ብሩሽ ተቀበረብኝ!

በ1998 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አንድ የግል ኮሌጅ ባለቤት መጣ። ያኔ ኮሌጅ በየፎቁ የሚከፈትበት ጊዜ ነበር። የካፌው ባለቤት በዱቤ የሚያበላን ሦስተኛ ወራችን ነው፤ ሰውዬው ያቀረበው ገንዘብ ዱቤውንም ከፍሎ ለመንፈቅ ያኖረናል። ዋናዋን ዓረፍተ ነገር ራሱ ይዟት መጥቷል፤ ተመርቀው ሲወጡ ሥራዎ ይጠብቅዎታል የምትል። እንደ ደንባችን ለሊስትሮው አነበብኩለት።

ልጁ ብሩሹን አስቀመጠ። ጫማው ገና አልተጀመረም። «ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» አለ።

እንዲህ የሠራ ዓረፍተ ነገር በዚያ በረንዳ ላይ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ወደ ሰውዬው ዞሩና «ልጄ፣ ሥራው የት ነው?» አሉት።

«ምን ሥራ?»

«የሚጠብቃቸው ሥራ።»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ማስታወቂያ እኮ ነው!»

«ማስታወቂያ ማለት ማሳወቅ ነው። የማላውቀውን ምን ብዬ ላሳውቅ?» አሉና ሻያቸውን አነሱ። ሰውዬው ሄደ። ማታ ለእኔ ደወለልኝ፤ ሽማግሌው ሳይሰሙ እኔ ብጽፈው እጥፍ ሊከፍለኝ። አልጻፍኩም። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ነገ ጠዋት ያው በረንዳ ላይ፣ ያው ልጅ ፊት ነው የምቀመጠው።

ሌላ ሰው ጻፈው። ክረምቱን ሙሉ በሬዲዮ ተነገረ፤ ከነሙዚቃው። ጋሼ ለሊስትሮው አስረዱት፣ መከሩት፣ ቆይ አሉት። ልጁ ግን «እርስዎ ተምረው አይደል አትማር የሚሉኝ?» ብሎ መለሰላቸው። ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። መስከረም ላይ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳጥኑን ይዞ ሲመለስ ዲፕሎማው በፌስታል ተጠቅልሎ ከቀለሙ ሥር ነበር። ጋሼ እግራቸውን አውጥተው አስጠረጉ። ስለ ሥራ አልጠየቁትም።

ያን ገንዘብ እንቢ በማለታቸው አሁንም ድረስ ግማሽ ልቤ ይናደድባቸዋል። ማስታወቂያው ቀረ? አልቀረም። ልጁ ዳነ? አልዳነም። እኛ ግን እስከ ገና ሽሮ ብቻ በላን። ኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 759 ወጣና አሳሳች ማስታወቂያን በሕግ ከለከለ። አዋጁን ሳነበው ሊስትሮው ትዝ አለኝ፤ እሱ የፈለገው ግን አዋጅ አልነበረም፣ ሥራ ነበር።

ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ሙያውን ልታስተምረኝ ትችላለህ ወይ ብላ መጣች። ለልብስ ሳሙና የተሰናዳ ስክሪፕት ይዛለች፤ በስልኳ ያለው ማሽን ነው የጻፈላት። ሰዋስው ምን ይወጣለታል! ልዩ፣ ዘመናዊ፣ አስተማማኝ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ። ማሽኑም የተማረው ከእኛው ነው መሰለኝ። «ማነው የሚገዛው?» አልኳት። «ሁሉም» አለች። በወር ስንት ጊዜ እጇን ነክራ ልብስ እንደምታጥብ ጠየቅኳት፤ ማሽን አላቸው። እንግዲያው ሦስት ቀን ልብስ አጥበው ከሚያድሩ ሴቶች ጋር ውለሽ ነይ፣ ምንም አትጻፊ አልኳት።

«ደመወዝ አለው?»

«ምሳ አለ።»

ትንሽ አሰበችና «ትራንስፖርትስ?» አለች። እውነቷን ነው፣ ታክሲው ተወዷል። የትራንስፖርት ሰጠኋት።